በሆዳችን የተተከለውን ማን መዝግቦታል?

በቶርንክሊፍ ፓርክ ለማኅበረሰብ ጤና ተሟጋቾችና ለሕዝብ ተወካዮች ጽሕፈት ቤት ባልደረቦች የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



እዚሁ ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ በኦቨርሊ ቡሌቫርድ አቅራቢያ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ያከማቸውንም የግል ክሊኒክ ስም እንዲሁ። እኚህ እናት ከብዙ ዓመታት በፊት ከኪሳቸው ብዙ ሺህ ዶላር ከፍለው በጨጓራቸው ላይ የሲሊኮን ቀለበት አስገብተዋል። አንድ ሌሊት የጠጡት ውኃ እንኳ አልወርድ ብሏቸው ሲያስታውኩ አመሹና ልጃቸው ወደ ድንገተኛ ክፍል ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ሦስት ነገሮችን ጠየቀ፤ ቀለበቱ የየትኛው አምራች ነው? በውስጡ ስንት ሚሊ ሊትር ፈሳሽ አለ? ለመጨረሻ ጊዜ የተስተካከለው መቼ ነው? እናት ለአንዱም መልስ አልነበራቸውም። በእጃቸው ካርድ የለም። ክሊኒኩ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ስልኩን የሚያነሣ የለም። ልጅቱ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ቤት ተመልሳ በአሮጌ የወረቀት ሻንጣ ውስጥ ደረሰኝ ስታገላብጥ ነበር።

ሐኪሙ ፈሳሹን በመርፌ ቀድቶ አወጣውና እናት ዕፎይ አሉ። ጉዳዩ በደህና አለቀ። ሆኖም የገዛነው መኪና ፍሬኑ ላይ ጉድለት ቢገኝ አምራቹ ፈልጎ ደብዳቤ ይልክልናል። በሰው ሆድ ውስጥ ለዕድሜ ልክ የተቀመጠ መሣሪያ ግን የማን፣ የት፣ የቱ እንደሆነ አንድም የመንግሥት መዝገብ ሊናገር አልቻለም። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ክፍተት ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ስለ ውፍረት የምናገረው እንደ ነውር አይደለም። የካናዳ የሕክምና ማኅበር ውፍረትን ሥር የሰደደ በሽታ ብሎ የተቀበለው በ2015 ነው (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። በ2018 በካናዳ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት አኀዝ መሠረት፣ ሰዎች ራሳቸው ከገለጹት ቁመትና ክብደት ሲሰላ፣ ከአዋቂዎች 26.8 በመቶው በዚህ ክልል ውስጥ ነበሩ። እኛ ደግሞ ከሌላ ታሪክ የመጣን ነን። በ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከሚገባው በታች የከሱ፣ 8 በመቶው ብቻ ከሚገባው በላይ የከበዱ ነበሩ። ወላጆቻችን «ወፍረሃል» ሲሉን «ተመችቶሃል» ማለታቸው ነው። ከዚህ ልማድ የመጣ ሰው በአንድ ትውልድ ውስጥ ስኳርና የደም ግፊት ሲይዘው፣ ሐኪሙም ቀንስ ሲለው፣ በጋዜጣና በስልክ ማስታወቂያ የሚያየው «ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በግማሽ ሰዓት» የሚል ቃል ልቡን ቢያሸንፈው ልንፈርድበት አይገባም።

መሣሪያዎቹ ምን እንደሆኑ ባጭሩ ላስረዳ። ቀለበቱ በላይኛው የጨጓራ ክፍል ዙሪያ ይታሰራል፤ ከሆድ ቆዳ ሥር ከተቀበረ ትንሽ መክፈቻ ጋር በቀጭን ቱቦ ይያያዛል፤ በመክፈቻው በኩል ፈሳሽ በመርፌ ሲጨመር ይጠብቃል፣ ሲቀነስ ይላላል። ፊኛው ደግሞ በአፍ በኩል፣ ብዙውን ጊዜ በኢንዶስኮፒ፣ ባዶውን ገብቶ ጨጓራ ውስጥ በጨው ውኃ ይሞላል፤ ኦርቤራ የተባለው ዓይነት ከ400 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ ከስድስት ወር በኋላም መውጣት አለበት። ሌሎችም ነበሩ። በ2015 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) ከአንጎል ወደ ጨጓራ በሚወርደው ነርቭ ላይ የኤሌክትሪክ ምት የሚልክ፣ ከቆዳ ሥር የሚተከል መሣሪያ ፈቀደ። በ2016 ደግሞ ከተበላው ምግብ ከፊሉን በሆድ ላይ በተከፈተ ቱቦ የሚያስወጣ መሣሪያ ፈቀደ። ሁለቱም በገበያ ላይ ሥር አልሰደዱም። የዘርፉ ጠባይ እንዲህ ነው፤ መሣሪያው ይመጣል፣ ኩባንያው ይሸጣል ወይም ይዘጋል፣ በሰው አካል ውስጥ የቀረው ግን እንዳለ ይቆያል። የላፕ ባንድን ቀለበት ብቻ ብንመለከት ኤፍዲኤ ከፈቀደው ከ2001 ወዲህ ከኢናሜድ ወደ አለርጋን፣ ከአለርጋን ወደ አፖሎ ኢንዶሰርጀሪ፣ ከዚያም ወደ ሪሼፕ ላይፍሳይንስስ ባለቤቱ ተለዋውጧል። ሌላው ትልቅ ተፎካካሪው ሪያላይዝ ከገበያ ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል።

ይጠቅማሉ ወይ? ለአንዳንዱ፣ አዎን። ኦርቤራ በአሜሪካ ሲፈተን ፊኛው የገባላቸው ሰዎች በስድስት ወር ከሰውነታቸው ክብደት በአማካይ 10.2 በመቶ ቀንሰዋል፤ ምክርና የአመጋገብ ክትትል ብቻ ያገኙት 3.3 በመቶ። ፊኛው ከወጣ ከሦስት ወር በኋላም ከቀነሱት አብዛኛውን እንደያዙ ነበሩ። ይህ የሚናቅ አይደለም፤ ለጉልበት ሕመምተኛ፣ ለስኳር ሕመምተኛ አሥር በመቶ ብዙ ነው። እንዲከለከሉ ልጠይቅ አልመጣሁም።

ነገር ግን ዋጋው ሙሉ በሙሉ የሚታወቀው መሣሪያው ከገባ ከዓመታት በኋላ ነው፣ ያውም የሚቆጥር ሰው ካለ። አሜሪካውያን ለአረጋውያን የጤና መድን መዝገብ ስላላቸው መቁጠር ችለዋል። በ2017 በታተመ ጥናት ከ2006 እስከ 2013 ቀለበት የገባላቸው 25,042 የሜዲኬር ተጠቃሚዎች ተከታትለዋል፤ 18.5 በመቶው ድጋሚ ቀዶ ሕክምና አስፈልጓቸዋል፣ እነርሱም በአማካይ ከሦስት ጊዜ በላይ። ሜዲኬር ለቀለበት ካወጣው 470 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ 224 ሚሊዮኑ የሄደው ለድጋሚ ሥራ ነው። ከሞላ ጎደል ግማሹ ማለት ነው። ቀለበት ርካሽና ቀላል ተብሎ የተሸጠ ነበር።

ስለ ፊኛም እንዲሁ። የመጀመሪያው በአሜሪካ የተፈቀደው በ1985 ነበር፤ እየተነፈሰ ወደ አንጀት በመውረድ መዘጋት፣ በጨጓራ ላይም ቁስል ስላስከተለ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከገበያ ወጣ። አዲሶቹ በ2015 ከተፈቀዱ በኋላ ኤፍዲኤ በ2017 ሁለት ጊዜ፣ በ2018 ደግሞ እንደገና ለሐኪሞች ደብዳቤ ጽፏል፤ ፊኛው በራሱ ጊዜ ከልክ በላይ እንደሚያብጥ፣ ድንገተኛ የቆሽት ብግነት እንደታየ፣ ከ2016 ወዲህም በዓለም ዙሪያ በፈሳሽ የተሞላ ፊኛ ከገባላቸው ሰዎች የ12ቱ ሞት እንደተነገረው። ሞቱን ያመጣው መሣሪያው ራሱ ስለመሆኑ በእያንዳንዱ ጉዳይ አልተረጋገጠም፤ ይህንን መሸፈን አልፈልግም። የምላችሁ ሌላ ነው። እነዚያን 12 ሰዎች ያወቅናቸው ሪፖርት የሚያደርግ ስለነበረ ነው። ኢንዶባሪየር የተባለው፣ በትንሹ አንጀት መግቢያ ውስጥ የሚዘረጋ የፕላስቲክ እጅጌም በአሜሪካ ሙከራው በ2015 የተቋረጠው በጉበት ላይ መግል መቋጠሩ ከተጠበቀው በላይ ስለተቆጠረ ነው። ባይቆጠር ኖሮ ዛሬም ይሸጥ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

አሁን ወደ ኦንታሪዮ እንመለስ።

በክፍለ ሀገራችን የውፍረት ቀዶ ሕክምና ሁለት በሮች አሉት። አንደኛው የመንግሥት ነው። ከ2009 በፊት ኦሂፕ ብዙ ሕሙማንን በመንግሥት ወጪ ወደ አሜሪካ ይልክ ነበር፤ የኦንታሪዮ ባሪያትሪክ ኔትዎርክ የተቋቋመው ያንን ለማስቀረት ነው። ዛሬ የሰውነት ክብደት ልኬቱ፣ ቢኤምአይ የምንለው፣ 40 የደረሰ፣ ወይም 35 ደርሶ እንደ ስኳር ያለ ተጓዳኝ ሕመም ያለበት ሰው በቤተሰብ ሐኪሙ በኩል ወደ ኔትዎርኩ ይላካል፤ በቶሮንቶ ዌስተርን ወይም በሀምበር ሪቨር በመሳሰሉ ሆስፒታሎች የጨጓራ ቅነሳ ወይም ማለፊያ ቀዶ ሕክምና ያለ ክፍያ ያገኛል። ውጤቱም በኦንታሪዮ ባሪያትሪክ ሬጂስትሪ ይመዘገባል። በጎ ሥራ ነው፤ ሊመሰገን ይገባል።

ሁለተኛው በር የግል ነው። ቀለበትንና ፊኛን ኦሂፕ አይሸፍንም፤ ስለዚህ በግል ክሊኒክ፣ በኪስ ገንዘብ ይሠራሉ። ወደዚህ በር የሚገባው ባለጸጋው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቢኤምአይው 33 የሆነ፣ የቤተሰብ ሐኪም የሌለው፣ በሁለት ፈረቃ የሚሠራና ለተደጋጋሚ ቀጠሮ ፈቃድ የማያገኝ ሰው ነው። እንደ ኦዘምፒክና ዌጎቪ ያሉት መርፌዎች መምጣታቸው ይህን በር ይዘጋዋል ያሉ ነበሩ። ዌጎቪ በካናዳ ከግንቦት 2024 ጀምሮ ይሸጣል፤ ግን በየወሩ የሚከፈል ነው፣ እናም በየወሩ መክፈል የማይችል ሰው «አንዴ ከፍሎ የሚገላገልበትን» ይመርጣል። ምርጫውን የሚወስነው ሕክምና ሳይሆን የአከፋፈሉ ዓይነት ሆኗል።

በዚህ በር የገባ ሰው በሬጂስትሪው ውስጥ የለም። መዝገቡ የሚከታተለው በኔትዎርኩ የታከሙትን ነውና።

የፌዴራሉ ሕግስ? እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ በተለይ የተወካዮች ጽሕፈት ቤት ባልደረቦች እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ። በ2000 ቫኔሳ ያንግ የተባለች የኦክቪል ከተማ የ15 ዓመት ልጅ ለጨጓራ ሕመም የታዘዘላትን ፕሪፐልሲድ የተባለ መድኃኒት ስትወስድ ቆይታ ልቧ ቆሞ ሞተች። አባቷ ቴሬንስ ያንግ ለዓመታት ታግሎ፣ የምክር ቤት አባልም ሆኖ፣ በ2014 በስሟ የሚጠራው ሕግ ጸደቀ። በሕጉ መሠረት ከታኅሣሥ 16 ቀን 2019 ጀምሮ ሆስፒታሎች ከባድ የመድኃኒት ጉዳትንና የሕክምና መሣሪያ አደጋን በ30 ቀን ውስጥ ለሄልዝ ካናዳ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው።

ሆስፒታሎች። ደንቡ ይህን ቃል ሲተረጉም ክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ብሎ የፈቀደውን ወይም የሰየመውን ተቋም ነው የሚለው፤ የፌዴራል መንግሥት የሚያስተዳድራቸውንም ይጨምራል። ፊኛ የሚያስገባው የግል ክሊኒክ በዚህ ትርጓሜ ውስጥ አይገባም። የኦንታሪዮ የሐኪሞችና የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ከሆስፒታል ውጭ ማደንዘዣ የሚሰጥባቸውን ቦታዎች ይመረምራል፤ ነገር ግን ምርመራው የሚያርፈው በቦታውና በሐኪሙ ላይ እንጂ በመሣሪያው ላይ አይደለም። ኦታዋን ብትጠይቁ ክሊኒክ የክፍለ ሀገር ጉዳይ ነው ትላለች፤ ኩዊንስ ፓርክን ብትጠይቁ የመሣሪያ ቁጥጥር የፌዴራል ነው ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው።

«አምራቹ ሪፖርት ያደርግ የለምን?» የሚል መከራከሪያ በተደጋጋሚ ይነሣል። እውነት ነው፣ አምራችና አስመጪ ሞትን ወይም ከባድ የጤና መጓደልን በ10 ቀን ውስጥ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ግን አምራቹ የሚያውቀው ክሊኒኩ ሲነግረው ነው፤ ክሊኒኩም ሊነግረው አይገደድም። ደንበኛው ደግሞ ሲያመው የሚሄደው ወደ ክሊኒኩ ሳይሆን ወደ ቅርብ ድንገተኛ ክፍል ነው። ያ ሆስፒታል በሕጉ መሠረት ያሳውቅ ይሆናል። ነገር ግን የየትኛው አምራች፣ የትኛው ሞዴል ብሎ ይጻፍ? የኛን እናት አስታውሱ። ሁለተኛው ክፍተት የመጀመሪያውን መፍትሔ ይበላዋል።

ሁለተኛው ክፍተት የካርድ ጉዳይ ነው። የካናዳ የሕክምና መሣሪያዎች ደንብ ከአንዳንድ ተካይ መሣሪያዎች ጋር የምዝገባ ካርድ እንዲሰጥ ያዛል፤ ካርዱ ላይ መሣሪያው፣ ቁጥሩ፣ የተተከለበት ቀንና ቦታ ይሰፍራሉ፤ ጉድለት ሲገኝ አምራቹ ሕሙሙን ፈልጎ ያገኘዋል። የትኞቹ መሣሪያዎች ናቸው? በደንቡ 2ኛ ሠንጠረዥ የተዘረዘሩት፤ የልብ ቫልቭ፣ የልብ ምት መቆጣጠሪያና የመሳሰሉት። የጨጓራ ቀለበትም ፊኛም በሠንጠረዡ የሉም።

በ2018 ኅዳር ወር ዓለም አቀፍ የምርመራ ጋዜጠኞች ጥምረት ስለ ተካይ መሣሪያዎች ሰፊ ምርመራ ባወጣ ጊዜ፣ የካናዳ ጋዜጠኞችም ተሳትፈውበት ነበር፤ ሄልዝ ካናዳ በማግሥቱ ወር የመሣሪያ ደኅንነት የድርጊት መርሐ ግብር አወጣ። የሆስፒታሎቹ ግዴታ ከዚያ በኋላ ሥራ ላይ ዋለ። ሥራው ግማሽ መንገድ ሄዶ የቆመ ይመስለኛል።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልበል፤ ከሌላው ርዕስ ይልቅ እኛ ብቻ ልንናገረው የምንችለው ነውና። የኦንታሪዮ የ1996 የጤና ፈቃድ ሕግ ሕሙም ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት የሕክምናውን ምንነት፣ ጥቅሙን፣ ዋና ዋና አደጋዎቹንና አማራጮቹን እንዲረዳ ያስገድዳል። የመሣሪያው መመሪያ ግን በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ ነው። አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ልጅ ነው። እስቲ አስቡት፤ የ12 ዓመት ልጅ ለአያቱ «ሆድዎ ውስጥ ፊኛ ያስገባሉ» ሲል። በአማርኛ ፊኛ የልጆች መጫወቻ ነው፤ ፊኛ የሽንት መያዣም ነው። አንድ አባት ከሽንት ጋር የተያያዘ ሕክምና መስሏቸው እንደነበረ ራሳቸው ነግረውኛል፤ እየሳቁ። ሌላው ግን የሚያስቅ አይደለም። ነርሷ «የጨጓራ ቁስለት ነበረብዎ?» ብላ ትጠይቃለች፤ ምክንያቱም ቁስለት ላለበት ሰው ፊኛ አይገባም። ልጁ «ጨጓራ አለብዎ?» ብሎ ይተረጉማል። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ እንደሚያውቀው «ጨጓራ አለብኝ» ማለት ከትንሽ ማቃጠል እስከ ደም መትፋት ድረስ ሁሉንም ይሸፍናል፤ ብዙዎቻችን ደግሞ እንደ ተራ ነገር ስለምንቆጥረው «እሱማ ማን የሌለበት አለ» ብለን እናልፈዋለን። በጠያቂዋ ፎርም ላይ «የለም» ተብሎ ይሞላል።

ጾምም አለ። ፊኛ ከገባ በኋላ ባሉት ቀናት ማስታወክ የተለመደ ነው፤ ሕሙሙ ፈሳሽ እየተጎነጨ መቆየት፣ የአሲድ መቀነሻ መድኃኒቱንም ሳያቋርጥ መውሰድ ይኖርበታል። እስከ ቀትር በኋላ እህል ውኃ የማይቀምሱ የዐቢይ ጾም ጿሚዎች፣ በረመዳንም ከንጋት እስከ ማታ የሚጾሙ የዚህ ሰፈር ብዙኃን ጎረቤቶቻችን፣ ቀጠሮውን ከጾሙ ጋር እንዲያስተያዩ የሚነግራቸው ማን ነው? የሃይማኖት አባቶች ለሕሙም ፈቃድ ይሰጣሉ፤ ግን ማንም ካልጠየቀ ማንም አይመልስም። የካናዳ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1997 በኤልድሪጅ ጉዳይ መስማት ለተሳናቸው ሕሙማን የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አለማቅረብ የእኩልነት መብትን እንደሚጥስ ወስኗል። ያ ፍርድ ለስደተኛ ቋንቋዎች በቀጥታ አይሠራም፤ አመክንዮው ግን ለመግባባት ያልቻለ ሰው አገልግሎቱን አግኝቷል እንደማይባል ነው።

ምን እንጠይቃለን? ለኦታዋ ባልደረቦች የምሥራች አለኝ፤ አዲስ ሕግ ማውጣት አያስፈልግም። የምግብና መድኃኒት ሕጉ አንቀጽ 21.8 የሚለው «በደንብ የተወሰነ የጤና ተቋም» ነው፤ የትኛው ተቋም እንደሆነ የሚወስነው ደንቡ ነው። ስለዚህ ተካይ መሣሪያ የሚያስገቡ የግል ክሊኒኮችን መጨመር በካቢኔ ደንብ ሊፈጸም ይችላል። 2ኛው ሠንጠረዥም እንዲሁ፤ ሁለት መስመር መጨመር ነው። ጥያቄ ስታቀርቡ ወይም ለሚኒስትሩ ደብዳቤ ስታረቅቁ እነዚህን ሁለት ቦታዎች በስማቸው ጥቀሱ፤ «የሕሙማን ደኅንነት ይሻሻል» የሚል አጠቃላይ ደብዳቤ አጠቃላይ መልስ ነው የሚያመጣው።

ለኩዊንስ ፓርክ የምንለው ሬጂስትሪው ለግሉ በር ይከፈት ነው። ክሊኒኩ ቀለበት ወይም ፊኛ ባስገባ ቁጥር ያስመዝግብ። ቅሬታ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ የወረቀት ሥራ ይበዛል ይባላል። ነገር ግን ቀለበቱ ሲንሸራተት፣ ወይም ወደ ጨጓራ ግድግዳ ሲበላ፣ በድንገተኛ ክፍል የሚያክመው የሕዝብ ሆስፒታል ነው፤ ከፋዩም ኦሂፕ። ትርፉ ለግል፣ ኪሣራው ለሕዝብ በሆነበት ንግድ ሕዝቡ ቢያንስ ቁጥሩን ማወቅ ይገባዋል። ከዚህም ጋር ከልጅ ይልቅ የሠለጠነ አስተርጓሚ፣ በሰፈሩ ዋና ዋና ቋንቋዎች የተጻፈ አንድ ገጽ ማስረጃ ከፈቃድ ፊርማው በፊት እንዲሰጥ ግዴታ ይሁን።

እናንተ እናቶችና አባቶች ደግሞ ሕጉን ሳትጠብቁ የምታደርጉት አለ። በሆዳችሁ፣ በደረታችሁ፣ በጉልበታችሁ ማንኛውም መሣሪያ ካለ የአምራቹን ስም፣ ሞዴሉን፣ ተከታታይ ቁጥሩንና የገባበትን ቀን ከክሊኒኩ በጽሑፍ ጠይቁ። በኦንታሪዮ የ2004 የጤና መረጃ ሕግ መሠረት መዝገባችሁን የማየት መብት አላችሁ፤ ያዢውም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ክሊኒኩ ቢዘጋም መዝገቡን የተረከበ ሰው ወይም ድርጅት ሊኖር ይገባል። አትዘግዩ። ሐኪሞች የአዋቂን መዝገብ እንዲያቆዩ የሚገደዱት ከመጨረሻው ግቤት ጀምሮ ለ10 ዓመት ብቻ ነው፤ ቀለበቱ ግን ካልወጣ በስተቀር የሚቆየው ለዕድሜ ልክ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የገቡ ቀለበቶች መዛግብት አሁን እየተወገዱ ሊሆን ይችላል።

የዚያች እናት ልጅ የቀዶ ሐኪሙን መዛግብት የተረከበውን ድርጅት ፈልጋ አግኝታ በዚህ ወር መጀመሪያ ላይ ማመልከቻዋን አስገብታለች። 30 ቀኑ ገና አልሞላም። የማመልከቻው ናሙና በአማርኛና በእንግሊዝኛ በመውጫው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ መሙላት የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ከጥያቄና መልሱ በኋላ እዚሁ እቆያለሁ።